ለድመት መድን መግባት ያዋጣል ወይ?

የነብሮ እናት (ኮዬ ፈጬ)

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ የሚጻፈውን ሳነብ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ራሴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ነብሮ የሚባል አራት ዓመት የሞላው ወንድ ድመት አለኝ። ኮንዶሚኒየሙን ተረክበን ስንገባ፣ መብራት እንኳ ሳይቀጠል፣ ደረጃው ሥር ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ ያገኘሁት ነው። ዓይኑ በወጉ አልተገለጠም ነበር። መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ወተት እያንጠባጠብኩ አሳደግሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ጀመረ። ያምጣል፣ ምንም ጠብ አይልም። ሆዱ የደረቀ መስሎኝ ዘይት በማንኪያ አጠጣሁት። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጩኸቱ ተለወጠ። ያንን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ሲነጋ በነጠላ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ ከትቼው ወጣሁ። የመጀመሪያው ሾፌር እንስሳ አልጭንም ብሎ ጥሎን ሄደ። ሳሪስ አካባቢ ያለ ክሊኒክ እስክንደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰና «ሽንቱ ተዘግቷል፤ ዛሬን ካለፈ አይተርፍልሽም ነበር» አለኝ። አስተኝተው ቱቦ አስገቡለት፣ ጉሉኮስ ተከሉለት፣ ሦስት ሌሊት እዚያው አደረ። ሒሳቡ 11,400 ብር ሆነ። ደሞዝ ስላልወጣ ከጎረቤቴ ከእትዬ ተበድሬ ነው የከፈልኩት።

ውጭ አገር ያለችው እህቴ ስትሰማ «መድን የለሽም እንዴ?» አለችኝ። እሷ ለድመቷ በየወሩ ትከፍላለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። እዚህ አገር የሚሸጥ አለ? ቢኖርስ ያዋጣል? ባለቤቴ ነገሩ አልተዋጠለትም፤ ያን ሌሊት ግን ነብሮን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሎ ያነጋው እሱ ነው።

ጤፍ ነጋዴው (አለም ገና)

እንኳን ማረልሽ እህቴ። እኔም ሦስት ድመት አለኝ፤ መጋዘን ውስጥ ጤፍ ስላለ ያለ እነሱ አይሆንልኝም። ስለዚህ የምለውን ከጥላቻ አትቁጠሪብኝ።

ለድመት መድን የሚለው ሐሳብ ይከብደኛል። እናቴ ገጠር ናት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮዋን በዓመት አንዴ ትከፍላለች፤ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን «መድኃኒቱ አልቋል፣ ውጭ ግዢ» የተባለችበት ቀን ብዙ ነው። ደብተሯን ይዛ ስትመለስ አይቻታለሁ። ለሰው የተገባው ቃል እንዲህ ሲሆን፣ ለድመት የሚገባውን ቃል ማን ይጠብቅልኛል ብዬ ነው የምጠይቀው። ብሩን ትራስሽ ሥር ብታስቀምጪው ቢያንስ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።

አረቦን (ለገጣፎ)

መድን ድርጅት ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ሽያጭ፣ በኋላ ካሳ ክፍል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለድመት የተጻፈ ፖሊሲ (የመድን ውል) እጄ ገብቶ አያውቅም። ለከብት የሚሸጥ ግን አለ፤ ለምን ለከብት ኖሮ ለድመት እንዳልኖረ ማወቁ ጥያቄሽን ግማሽ መንገድ ይወስደዋል።

ቦረና ላይ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ለአርብቶ አደሩ የድርቅ መድን ይሸጣል። እዚያ የሞተች ላም ሬሳ የሚያይ ሰው አይላክም። ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከተወሰነለት መጠን በታች ከወረደ ለገቡት ሁሉ ክፍያ ይለቀቃል። እንዲህ የተደረገው ሜዳ ለሜዳ እየዞሩ እያንዳንዷን ላም መመርመር ከሚሰበሰበው አረቦን (ለመድን ከሚከፈለው ብር) በላይ ስለሚያስወጣ ነው። የድመት ነገር ግን የግድ አንድ በአንድ መታየት አለበት። የነብሮ ሽንት ሲዘጋ የጎረቤትሽ ድመት ደህና ናት። ያመመው ነብሮ ነው ወይስ ውሉ ላይ የሌለ ሌላ ቡራቡሬ ድመት? ቆዳው ሥር መለያ ቺፕ ካልተቀበረለት እኔ ካሳ ክፍል ቁጭ ብዬ በምን አውቃለሁ? ክሊኒኩስ ለተመሳሳይ ሕክምና ሁልጊዜ ተመሳሳይ ዋጋ ያስከፍላል? ይህ ሳይታወቅ አረቦን አይተመንም።

ሕጉም አለ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የንብረት መድንን የካሳ ውል ነው ይለዋል፤ ካሳው ንብረቱ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ነብሮ ከሲሚንቶ ከረጢት ነው የመጣው፤ ገበያ ላይ ዋጋ የለውም። ላንቺ ያለው ዋጋ ደግሞ ሰነድ ላይ አይሰፍርም። ውጭ አገር የሚሸጠው መድን ግን በአብዛኛው የሚታሰበው በእንስሳው ዋጋ ሳይሆን በሕክምና ወጪው ነው።

አሁን እህትሽ ያላትን ዓይነት ውል እዚህ ነብሮ ላይ እናስቀምጠው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ የማመጣቸው እኔ ነኝ። ሒሳቡ 11,400 ብር ነው። ከራስሽ የምትሸፍኚው ተቀናሽ 2,000 ይሁን። የቀረውን 9,400 ድርጅቱ 80 በመቶ ይከፍላል፤ 7,520 ብር ማለት ነው። ካንቺ ኪስ 3,880 እና እስከዚያ ቀን የከፈልሽው አረቦን ሁሉ ይወጣል። ይህ መጥፎ ውል አይደለም። ነገር ግን የድመት መድን በአብዛኛው የሚሠራው አንቺ ቀድመሽ ከፍለሽ ደረሰኝ ስታቀርቢ በመመለስ ነው። ስለዚህ ያን ቀን 11,400ውን ሙሉ ከእትዬ መበደርሽ አይቀርም ነበር።

ሌላው፣ አሁን ብትገቢ የሽንቱ ነገር «ከውሉ በፊት የነበረ በሽታ» ተብሎ ይወጣብሻል። አዲስ ገቢ ደግሞ ሽፋኑ እስኪጀምርለት የሚጠብቀው ጊዜ አለ።

ያደግሁት ካራ ነው (ስቶክሆልም)

አረቦን፣ በአንድ ነገር ላርምህ። እዚህ ስዊድን ብዙ ክሊኒኮች እዚያው ቁጭ እንዳልሽ ከመድን ድርጅቱ ጋር ይነጋገሩና አንቺ ድርሻሽን ብቻ ከፍለሽ ትወጫለሽ። ቀድሞ መክፈል የሁሉም አገር ልማድ አይደለም።

ሆኖም ይህ በአንድ ቀን የተገነባ አይደለም። እዚህ ለውሻ የመጀመሪያው ፖሊሲ የተጻፈው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የቤት እንስሳ የጤና መድን የተጀመረው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ድመቶች እዚህ አገር በሕግ መለያ እንዲኖራቸውና እንዲመዘገቡ የተደረገው ከ2023 ጃንዋሪ ጀምሮ ነው። አረቦን «በምን አውቃለሁ» ያለው ነገር እዚህ የሚመለሰው በመዝገብ ነው።

የኔዋ ከበረንዳ ወድቃ የኋላ እግሯ ሲሰበር፣ የቀዶ ሕክምናው ሒሳብ የብዙ ወር የቤት ኪራዬ ነበር። መድን ባይኖራት «አስተኙልኝ» እል ነበር፤ እንድትሞት መፍቀድ ማለቴ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ደረቴ ይጠብባል። ስለዚህ ለኔ አዋጥቷል፤ ያዋጣኝ ግን ሕክምናው እዚህ በጣም ውድ ስለሆነ ነው። እያረጀች ስትሄድ አረቦኑም እየጨመረ ነው። ሕክምናው ከአንድ ወር ደሞዝ በማይበልጥበት ቦታ ሒሳቡ ሌላ ይመስለኛል።

የእንስሳት ሐኪም (ቱሉ ዲምቱ)

ስለ ገንዘቡ ሌሎች ይናገሩ፤ እኔን ያስደነገጠኝ ዘይቱ ነው። የነብሮ እናት፣ ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። የሚታገል ድመት አፍ ውስጥ ዘይት ስታፈሺ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ያ ራሱን የቻለ በሽታ ነው።

ወንድ ድመት አሸዋው ላይ እየተመላለሰ ምንም ካልወጣው ሆድ ድርቀት ነው ብላችሁ አትጠብቁ። የወንዱ የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፤ ጠጠርም ዝልግልግ ነገርም ይዘጋዋል። ሽንቱ ሲታገድ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል፣ ደም ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፣ በመጨረሻ ልብ መምታቱን ያቆማል። ይህ ሁሉ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ማታ ካያችሁት ጠዋትን አትጠብቁ። የተዘጋበት ድመት ደግሞ እንደገና የመዘጋት ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ የነብሮ እናት፣ ቀጣዮቹን ወራት በዓይንሽ ጠብቂው። ውሃ በየክፍሉ አስቀምጪለት። ደረቅ ምግብ ብቻ አትስጪው። ከሥጋ ቤት የምትገዢውን ሳንባ ቀቅለሽ ከነመረቁ ስጪው፤ ጥሬውን አይብላ፣ ጨውም አይግባበት።

በዚያው ልጨምር፤ እኔ ጋ ሞተው ወይም ሊሞቱ ሲሉ ከሚመጡት ድመቶች ብዙዎቹን የገደላቸው ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ፓራሲታሞል። አንድ ፍሬ አንድ ድመት ይገድላል፤ ጉበታቸው ሊያስወግደው አይችልም። ለልጅ አዝኖ ግማሽ ፍሬ እንደሚሰጥ ለድመት የሚሰጥ ሰው አለ። ሁለተኛው ለከብት መዥገር የሚረጨው ነው፤ ዲያዚኖንም ሆነ ፐርሜትሪን ለቁንጫ ብላችሁ ድመት ላይ አታፍስሱ። ድመት ራሷን ትልሳለች፤ የፈሰሰባትን ሁሉ ትውጠዋለች። ሦስተኛው የአይጥ መርዝ ነው። ጤፍ ነጋዴው፣ ድመት ካለህ መርዝ አታስቀምጥ። የተመረዘች አይጥ የበላች ድመትም ትመረዛለች።

ለእነዚህ መድን የሚያደርገው ነገር የለም። ደረሰኝ ሳይቆረጥ ያልቃሉ።

ጤፍ ነጋዴው (አለም ገና)

ዶክተር፣ መርዙን ዛሬውኑ አነሳለሁ። አምና አንዷ አፏ አረፋ ደፍቆ ሞታብኛለች። ምክንያቱን አላወቅሁም ነበር። ልጄ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

የሱሉልታዋ አያት

የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ልጆቼ፣ ስለ ብር ስታወሩ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ጎረቤታችን ያለች ድመት ባሕሪዋ ተለውጦ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነከሰች። «ድመት ናት፣ ውሻ አይደለችም» ተብሎ ዝም ሊባል ነበር። አባቱን እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ አስኬድኩት፤ ልጁም ክትባቱን ጨረሰ፣ ደህና ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ለድመታችሁ የምታወጡት የመጀመሪያው ብር የዚህ ክትባት ይሁን።

የእንስሳት ሐኪም (ቱሉ ዲምቱ)

እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ለሁላችሁም፦ የነከሰ ወይም የቧጨረ እንስሳ ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚመልሰው ሕክምና የለም።

ማኮላሸትና ማምከንም እንዳትረሱ። ሴቷ በሁለት ወር ገደማ ትወልዳለች፣ ጡት ሳታስጥልም ደግማ ልታረግዝ ትችላለች። የተኮላሸ ወንድ ደግሞ ብዙም አይዞርም፣ ብዙም አይደባደብም፤ የቁስልና የመኪና አደጋ ይቀንስላችኋል። የሽንት መዘጋትን ግን አያስቀርም፤ እሱን ለብቻው ጠብቁት። አንድ ተጨማሪ፦ ከኮዬና ከቱሉ ዲምቱ በኩል ላላችሁ፣ ከባድ ነገር ከሆነ ሁልጊዜ ወደ መሃል ከተማ አትሩጡ። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አለ፤ የፍጥነት መንገዱ ከእናንተ በር ነው የሚነሳው። አስቀድማችሁ ደውላችሁ ግን ተረኛ መኖሩን አረጋግጡ።

ብሎክ 47 (ቦሌ አራብሳ)

መድን ከሌለ እድር አለን አይደል? አሥር ቤት ሆነን በወር 100 ብር ብናዋጣ በዓመት 12,000 ይሆናል፤ የአንድ ነብሮ ሕክምና ከነትርፉ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ይኸኛው እንስሳው ሳይሞት ይደርሳል።

አረቦን (ለገጣፎ)

ብሎክ 47፣ ሐሳቡ ደግ ነው፤ ከካሳ ክፍል ልምዴ ግን የሚፈርስበት ቦታ ይታየኛል። ሰው ሆን ብሎ አይሞትም፤ ስለዚህ እድር አይጨናነቅም። በሽታ ግን ደረጃ አለው። አንዱ አምስት ድመት ይዞ ይገባል፣ ሌላው አንድ። አንዱ ላስነጠሰች ሁሉ ክሊኒክ ይሄዳል። በስድስተኛው ወር ሣጥኑ ባዶ ይሆናል፣ ከሣጥኑ ቀድሞም ጉርብትናው ይጎዳል። እድሮችም እኮ ይህን ያውቃሉ፤ አዲስ ገቢን መግቢያ የሚያስከፍሉትና ለተወሰነ ወር የሚያስጠብቁት በከንቱ አይደለም።

ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። የነብሮ እናት የጎደላት ካሳ አይደለም። 11,400ውን በሦስትና በአራት ወር ከደሞዟ ልትሸፍነው ትችላለች። የጎደላት ያን ሌሊት እጇ ላይ የሚገባ ብር፣ የሚያነሳ ሾፌርና የት መሄድ እንዳለባት ማወቅ ነው። ስለዚህ የሚሰጥ ሳይሆን የሚያበድር ሣጥን ይሁን። እያንዳንዱ ቤት 500 ብር መግቢያ፣ በወር 100። ያመመበት ሰው ሌሊትም ቢሆን ወስዶ ይሄዳል፤ በሦስት ወር ያለ ወለድ ይመልሳል። ከሣጥኑ በላይ አይበደርም። የሚወጣ ሰው ያዋጣውን ይዞ ይወጣል። አምስት ድመት ያለውም የሚወስደው የራሱን ዕዳ ስለሆነ ማንም ማንን አይታዘብም።

ጤፍ ነጋዴው (አለም ገና)

ብድር ከሆነ እኔም እገባለሁ። ገንዘቡ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ማን እንደያዘው አውቃለሁ። ቅድም ስቃወም የፈራሁት ይህ እንዳይጠፋ ነበር። ግን አለም ገናና ኮዬ አይገናኝምና እኔ እዚሁ ከወፍጮ ቤቱ ሰዎች ጋር እሞክራለሁ።

ያደግሁት ካራ ነው (ስቶክሆልም)

ድመቶቹን ፎቶ አንስታችሁ ከክትባት ቀናቸው ጋር በአንድ ደብተር መዝግቡ። የቀድሞ ሕመም፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ ክብደት። ሌሊት ሐኪም ሲጠይቃችሁ ደንግጣችሁ ትረሳላችሁ፤ ደብተሩ አይረሳም። አንድ ቀን እዚያም መድን የሚሸጥ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው።

የነብሮ እናት (ኮዬ ፈጬ)

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ ነው። ሰባት ቤት ሆነናል። ገንዘቡን የያዘችው እትዬ ናት፤ ሌሊት በሯ ቢንኳኳ የማትቆጣ እሷ ስለሆነች። ደብተሩን ባለቤቴ ነው የሚይዘው። ለማንም ሳይነግር የነብሮን ፎቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ለጥፏል። እንስሳ የሚጭን ሾፌር ቂሊንጦ አግኝተናል፤ ስልኩ የሁላችንም በር ጀርባ ላይ ተለጥፏል።

የመጀመሪያዋ ተበዳሪ ከሦስተኛ ፎቅ ናት። ድመቷ ከመስኮት ወድቃ መንጋጋዋ ተሰንጥቆ ነበር፤ 3,200 ብር ወሰደች፣ ግማሹን መልሳለች። ድመቷ እየበላች ነው። መስኮቱ ላይም ሽቦ አሠርተዋል።

ዶክተር፣ ካለህ አንድ ጥያቄ አለኝ። ነብሮ ከ11 ሰዓት ጀምሮ አራት ጊዜ አሸዋው ላይ ወጥቷል። ጠብታ ነገር አየሁ፤ ደም ያለበት ይመስላል። እየበላ ነው ግን።

የእንስሳት ሐኪም (ቱሉ ዲምቱ)

መብላቱን አትይ። አሁኑኑ ይዘሽው ውጪ። ምንም አታጠጪው። የሆዱን ታች በቀስታ ዳብሺው፤ እንደ ሎሚ የጠጠረ ነገር ካለ ለሾፌሩ ቶሎ በል በዪው።

የነብሮ እናት (ኮዬ ፈጬ)

እትዬ ከሣጥኑ ብር ሰጥታኛለች። ሾፌሩ በር ላይ ነው።

የነብሮ እናት (ኮዬ ፈጬ)

ደረስን። 35 ደቂቃ። ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ በጊዜ አምጥተሽዋል አለኝ ሐኪሙ። አልትራሳውንድ አንስተውታል፣ ለዛሬ እዚህ ያድራል። ከተበደርኩት ላይ 2,100 ተርፏል፤ ጠዋት እመልሳለሁ። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ዘንቢሉን አቅፎ ተቀምጧል። ቤት እንሂድ ብለው እምቢ አለኝ።